ባዶው የማዋለጃ አልጋ

ወገዳ ውስጥ ፋንቱን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቃት ሁሉ ግን ጥያቄዋን ይፈራ ነበር። ቁስሉን ሊያሳጥብ የመጣ ገበሬ ማረሻው እንዴት እንደወጋው ብቻ ሳይሆን የበሬዎቹን ስም ጭምር ተጠይቆ ይወጣል። የወረዳው ጸሐፊ «ይህች ሴትዮ ዳኛ መሆን ነበረባት» ይላል። ቀልዱን ነው፤ ያን ጊዜ ሴት ዳኛ ማን አይቶ!

እዚህ ያደረሳትም ይኸው ጠባይዋ ነው። እስቴ ተወልዳ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተድራ፣ በአሥራ ሰባቷ ተፋትታ፣ ደብረ ታቦር ሄዳ በአንድ ክሊኒክ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ደም የነካው ጨርቅ ለምን ለብቻው እንደሚቀቀል ጠየቀች። መርፌው ለምን ያን ያህል እንደሚፈላ ጠየቀች። አስታማሚዎቹ መመለስ ሲሰለቻቸው «አንብበሽ ድረሽበት» ብለው ፊደል አስቆጠሯት። በስምንት ዓመት ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ቁስል ማጠቢያው፣ ከዚያም ወደ ማዋለጃው ተሻገረች። በ1957 ዓ.ም. ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ተብላ ወደ ስማዳ ወረዳ ተላከች። ወገዳ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ከአንድ ዘበኛ በቀር ሠራተኛ ስላልነበረ ኃላፊዋም እሷው ሆነች።

በዓመቱ ከጎንደር የብረት አልጋ መጣና አንዱ ክፍል ማዋለጃ ተባለ። አንድ ዓመት ሙሉ ግን አንዲት ሴት አልወለደችበትም። ሴቶቹ ለልጅ ሳል ይመጣሉ፤ ለዓይን ሕመም ይመጣሉ፤ የባላቸውን ቁስል ያሳጥባሉ። ምጥ ሲመጣ ግን የውኃ ሽታ ይሆናሉ። በዚያ ክረምት ብቻ ሦስት ሴቶች ቤታቸው ደም ፈሷቸው ሞቱ።

በጥቅምት የጤና ጣቢያዎች ተቆጣጣሪው አቶ ኃይለ ሚካኤል መጡ። መዝገቡን ገለጡ፤ ባዶ ነው።

«እስከ ፋሲካ የሚወልድበት ካልተገኘ አልጋው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል» አሏት። «አንቺም ወደ ደብረ ታቦር ትመለሻለሽ።»

ለምን ሥራ እንደምትመለስ አልነገሯትም። ፋንቱ ግን ያ የልብስ ገንዳ ፊቷ ላይ ተደቀነባት፤ ፈራች።

ምናልባት አልጋው ከፍ ብሎባቸው ይሆናል ብላ መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። ማንም አልመጣም። ምናልባት ዘበኛውን አፍረው ይሆናል ብላ ከበር አራቀችው። ማንም አልመጣም። ስትጠይቃቸው ሁሉም «እሽ፣ እንመጣለን» ይላሉ፤ የስማዳ ሰው እሽ ማለት ምን ይገደዋል!

መላው የተገኘው ከዚነት ነው። ዚነት አራት በቅሎ ጭና አቡጀዲና ጨው የምትነግድ ሴት ናት፤ ሱቋ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር።

«ፋንቱየ፣ ሴቶቹን አትጠይቂ» አለቻት። «ሰው የሚፈራውን ለጠየቀው አይናገርም፤ ሲጣላ ነው የሚናገር። ችሎት ሂጅና ተቀመጭ።»

ፋንቱ ለሦስት ሳምንት በየችሎቱ ቀን ዳኛው ከሚያስችሉበት ዋርካ ሥር ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ያጎት ልጆች በርስት ተካሰው ቀረቡ።

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» አለ አንደኛው። «ይህ ሰው እዚህ ምን አለው? እናቱ ንፋስ መውጫ ለገበያ ሄዳ በሰው ቤት የወለደችው ነው። እትብቱ ያለ እዚያ፤ ርስቱንም እዚያ ይፈልግ!»

ዳኛው ርስት በትውልድ እንጂ በእትብት አይከፈልም ብለው ገሠጹት። ተከሳሹ ግን፣ ያ ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ፋንቱ ተነሥታ እየሮጠች ወደ ጣቢያዋ ሄደች። የጤና ጣቢያው ደንብ እንግዴ ልጁ ከነእትብቱ ከጓሮው ጉድጓድ ይቃጠል ይላል። ጉድጓዱን ደግሞ በቁፋሮ የረዱት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ለምን እንደሆነም ራሷ ነግራቸዋለች። ለካ ሴቶቹ የፈሩት ልጃቸው እትብቱ የተቀበረበት ጠፍቶ ነገ «አገር የለህም» እንዳይባል ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቦጋለች የምትባል ልጅ እግር ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ መሆኑን ፋንቱ ሰማች። ቤቱ ስትደርስ የቦጋለች አማት እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆሙ።

«ማርያም እዚሁ ናት፤ አንች ተመለሽ።»

«እማማ፣ እንግዴ ልጁን በእጅዎ እሰጥዎታለሁ። አላቃጥለውም። ከጓሮዎ ይቅበሩት።»

አሮጊቷ አተኩረው አዩዋት። «ማን ነገረሽ?»

«ችሎት ሰማሁ።»

«ቃሬዛ አምጡ!» ብለው ጮኹ እማማ አስካለ።

ቦጋለች ከቀትር በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እማማ አስካለ ደግሞ የዋዛ አልነበሩም፤ ሁለት ሽማግሌ አስጠርተው እንግዴ ልጁ ያለባትን ትንሽ ማሰሮ በእማኝ ፊት ተረከቡ። «ነገ ነገር ቢነሣ ትመሰክራላችሁ» ብለው በነጠላቸው ሸፍነዋት ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አገር አዳረሰ፤ እስከ ፋሲካ አሥራ ሰባት ሴቶች ማዋለጃው ውስጥ ወለዱ።

በፋሲካ አቶ ኃይለ ሚካኤል ተመልሰው መጡ፤ መዝገቡን አይተው ደስ አላቸው፤ ቀጥለው ጉድጓዱን ሲያዩ አመድ የለበትም። ፋንቱ እንግዴ ልጁን ለየቤተሰቡ እንደምትሰጥ ሳትዋሽ ነገረቻቸው።

«ደንቡ አቃጥሉ ይላል» አሏት።

«ባቃጥል አይመጡም፤ ካልመጡ ይሞታሉ። የትኛውን ልጻፍ ጌታየ?»

መዝገቡን ዘግተው በቅሏቸው ላይ ወጡ። በሰኔ ደብዳቤ መጣ። ማዋለጃው ይቀጥላል፤ የጣቢያው ሥራ ስለሰፋ ግን ወንድ ኃላፊ ተመድቧል፤ ፋንቱ ረዳት ትሆናለች ይላል። በሯን ዘጋችና አለቀሰች። ባዶ ሳለ የእሷ የነበረው ቤት ሲሞላ የሰው ሆነ።

አዲሱ ኃላፊ ቀለመ ወርቅ ጨዋ ወጣት ነበር። በመጣበት ቀን «ሴቶቹን ምን አድርገሽ አመጣሻቸው?» አላት። ዓመት የለፋሁበትን ለምን እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። ነገር ግን እሷ በሌለችበት ቀን የምትመጣዋ ሴት ትዝ አለቻትና ሁሉንም ነገረችው።

በወሩ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አዘጋጀ። «ባደረግሁት ብርቱ ጥናት እንደደረስሁበት» ይላል መጀመሪያው። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረችው ይመስል ስለነበር ንጹሑን ቅጂ እንድትጽፍለት ለፋንቱ ሰጣት። «እንደደረስሁበት» ከሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጥቂት አሰበችና «ወይዘሮ ፋንቱ ባደረገችው ብርቱ ጥናት እንደደረሰችበት» ብላ ጻፈች፤ ሌላውን ቃል በቃል ገለበጠች። ቀለመ ወርቅ የጽሕፈቱን ማማር አድንቆ ሳያነብ ፈረመ።

በታኅሣሥ መልሱ መጣ። ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ሄዳ ይህንኑ አሠራር እንድታስተምር፣ የሦስቱም ጣቢያ ማዋለጃ በእሷ ኃላፊነት እንዲሆን ያዝዛል። አድራሻው በስሟ ነው። ቀለመ ወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ማን ነገራቸው?» አለ።

«እርስዎ ነዎ ጌታየ» አለችው ፋንቱ። «ፊርማዎ አለበት።»