የላስሚ አንቴና

ላስሚ ከትምባሆ ማሳ ስትመለስ ሙጫው ከጣቶቿ ሳይለቅ ነው የሬዲዮዋን ማይክሮፎን የምትይዘው። ባሏ ጃካርታ የቀን ሥራ ላይ ነው፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፣ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ቂጣ ጠብሳ ትሸጣለች፣ ደግሞም ትስቃለች። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ «ምባ»፣ ታላቄ፣ እላታለሁ፤ እሷም «ዲ»፣ ታናሼ፣ ትለኛለች።

አንቴናችን አንድ ዓይነት ነው፦ ሲቢ ለሚባለው የቅርብ ርቀት መነጋገሪያ ሬዲዮ የተሠራ፣ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም የአሉሚኒየም ቧንቧ። ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለማውራት የሚያስፈቅደውን የአማተር ሬዲዮ ፈተናም ባንድ ቀን አለፍን። ግን በዚያው ሳምንት እሷ በአስር ሜትሩ ሞገድ ከጃፓን ሰው ጋር አወራች። መንደሩ በሙሉ ሰማ። ባሌ እንኳን ራት ላይ ሁለት ጊዜ አነሣው። ሩዙን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

የሲቢ አንቴና ለአስር ሜትር ትንሽ እንደሚረዝም አውቃለሁ። ምን ያህል እንዳሳጠረችው ግን መጠየቅ ሞቴ ነው። ስለዚህ ልጄን አዝዬ፣ ጠዋት የሁለታችንንም አንቴና ጥላ በገመድ ለካሁ። የሷ በአንድ ሜትር ያህል አጠረ። እኔም መጋዝ አንሥቼ የኔን በዚያው ልክ ቆረጥኩ። የሷ ጥላ ዳገት ላይ፣ የኔ ደልዳላው የትምባሆ ማስጫ ላይ እንደሚያርፍ፣ ዳገት ደግሞ ጥላን እንደሚያሳጥር ማን ልብ ብሎ።

ሬዲዮውን ስከፍት ኃይሉ ከአንቴናው እየተመለሰ የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ተጋደመ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። በአራተኛው ላስሚ ራሷ መጣችና አንቴናዬን ቀና ብላ አየችው።

«ዲ ሩም፣ ትምባሆ መሰለሽ እንዴ የምትከትፊው?» አለችኝ። «ማጥበቂያውን አላልቶ ቧንቧውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው እንጂ፣ መጋዝ ምን አመጣው? የኔን አንድ ክንድ እንኳን አልገፋሁትም።»

«ማጥበቂያው ዝጎ ነበር» ብዬ ዋሸሁ።

የቆረጥኩትን አልጣልኩትም ነበርና፣ ከላዩ ሰፋ ያለ ቧንቧ አልብሳ በሁለት ማጥበቂያ ቀጠለችው። ከዚያ መርፌው እስኪወርድ ድረስ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ እየገፋች አስተካከለችው። አመሰገንኳት። እንዲህ ባለሙያ መሆኗ ግን የባሰ አናደደኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጄን ታቅፋልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። መለያ ቁጥሬን ደጋግሜ ጠራሁ። ከድካም ብዛት ልተወው ስል፣ ኪኩታ የሚባል ሰው ከጃፓን፣ ከናጎያ መለሰልኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስሜንና ከተማዬን ነገርኩት።

«ተማንጉንግ!» አለ ደስ ብሎት። «ባለፈው ሳምንት ካንድ የተማንጉንግ ሴት ጋር አውርቻለሁ። ላስሚ ትባላለች። ታውቂያታለሽ? አጠገብሽ ካለች ሰላም ልበላት።»

ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«አውቃታለሁ» አልኩት። «ዛሬ ግን እዚህ የለችም።»

ላስሚ ልጄን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዛወረችው።