በጾም የተቈጠረብኝ ልጅ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበርና ከስማዳ ወጥቼ የምኖረው ጅማ ነበር። ልጄ አራት ዓመት ሞልቶት ገና ሁለት ቃል ሳያገጣጥም፣ ሲሄድም ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ወላጆቼን ላሳየው ይዤው መጣሁ። አባቴ ቄስ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፤ የየዓመቱን የጾምና የበዓል ቀን ለደብሩ ቀምረው የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።

ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ሲቈጠር መጋቢት ይመጣል፤ መጋቢት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። በአገራችን በጾም የተፀነሰ ልጅ ጤና አያገኝም ይባላል። እኛ ግን ጾሙን መኝታ ለይተን ነው የፈጸምነው። ልጁ የተፀነሰው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ወሩ ሳይሞላ መጣ እንጂ። ይህን ለማን ይናገሩታል?

ውኃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ ሳለ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያባቷ ቀመር ለሷ አልደረሳትም መሰለኝ።»

«ተይ እንጂ! የሰባት ወር ልጅ ነው ትላለች አሉ።»

«ጾም የሻረች ሁሉ ልጇ የሰባት ወር ነው!»

ተሳሳቁ። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ።

ቤት ስደርስ የባሰው ጠበቀኝ። አባቴ ከጓሮ ግንባራቸውን መሬት እያስነኩ ይሰግዳሉ። እናቴን ምን ሆነው ነው ብላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጁን መወለድ የሰማን ለት አባትሽ ቈጠሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንቺ ነው የሚሰግዱት» አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። አባቴን ስለ መኝታዬ ላናግራቸው? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዝም ብል ደግሞ ልጄን የኃጢአት ፍሬ እንዳሉት ሊኖሩ ነው። ከመጣን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አቅፈው አልሳሙትም።

ስግደታቸውን ሲጨርሱ ሄጄ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ የጅማዋ አዋላጅ የነገረችኝን ተናገርሁ።

«አባባ፣ አርግዤ ሳለሁ ደም ብዛት ነበረብኝ። በእንግዴ ልጁ በኩል ለሕፃኑ የሚደርሰው ደም አነሰ። አንጎሉ የሚያድገው በዚያ ደም ነበር፤ እንደሚገባው ሳያገኝ ቀረ። ያለ ወሩ፣ በሰባት ወር የተወለደውም በዚሁ ነው።»

ከፋሲካ በፊት ምንም አልነበረም ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። አባቴ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እንደገና እየቈጠሩ መሆናቸው ሲገባኝ በነጠላዬ ተሸፈንሁ።

«ያን ጊዜ ያምሽ ነበር?» አሉኝ።

«ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። ፊቴም እጄም አብጦ ነበር። ጎረቤቶቼ ‹ጅማ ተስማማሽ፣ ወፈርሽ› ሲሉኝ እኔም ደስ አለኝ።»

«አመመሽ ወይ ያለሽ የለም?»

«የለም።»

«እኔም አላልሁሽም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። አባቴን ሲያፍሩ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከራሴ ኀፍረት ይልቅ የሳቸው አቃጠለኝ።

በማግስቱ እሑድ ልጁን በትከሻቸው ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በቍርባን ሰዓት ከሕፃናቱ ሁሉ ፊት አቆሙት። የምንጩ ሴቶች እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ። ንጹሕ መሆኔን አውቃለሁ፤ አባቴም አሁን ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ ቀና ብዬ ሴቶቹን ላያቸው አልቻልሁም።