የአባ ታፈረ አውራ ጣት

እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ መሀል ከተማ ባለው የአረጋውያን የቀን ማእከል ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ሰማያዊ ሽርጥ፣ አንድ ካርቶን የላስቲክ ጓንትና አንድ ትእዛዝ ሰጠችኝ። «እዚህ ቤት ሰው አናጎርስም» አለችኝ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በምሳ ሰዓት አንዲት ሴትዮ ማንኪያቸው ሲንቀጠቀጥባቸው አየሁና አላስቻለኝም። ድንቹን ፈጨት አድርጌ አጎረስኋቸው። አገራችን ሰው ተቸግሮ እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው። አለቃዬ ክንዴን ያዘችና፣ «ዛሬ ካጎረስሻቸው ነገም ታጎርሻቸዋለሽ፤ ከነገ ወዲያ እጃቸው የአፋቸውን መንገድ ይረሳል» አለችኝ። አኮረፍሁ። ከሰነበትሁ በኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ።

ከጎንደር ገጠር ሁለት ልጆች አዝዬ ነው የመጣሁት። ልጆቹ ሲያድጉልኝ እዚህ ሥራ ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያው አልወጣሁም። ደረጃችን ግልጽ ነበር። ከላይ አለቃዬ፣ ሥራ አስኪያጇ፣ አለች። ቀጥላ ዳና ናት፤ በሕመም የሰነፈን እጅ ወደ ዕለት ሥራው የምትመልስ ባለሙያ። ከሥሯ እኛ፣ በዕብራይስጥ ሜታፔሌት የምንባለው ተንከባካቢዎች አለን። ሾፌራችን ሞሪስ በወረቀት ላይ ከሁላችን በታች ነበር፤ ነገር ግን ሚኒባሱን ካላስነሣ ማእከሉ ባዶ ነውና ማንም አይናገረውም።

አማርኛ የምትናገር ተንከባካቢ እኔ ብቻ ስለነበርሁ የጎንደር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበሩ። በሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ገደማ አባ ታፈረ የመጡትም ወደ እኔ ነው።

አባ ታፈረ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው የኮረብታ ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ደከመ። ቀኝ እግራቸው ስለማያስተማምን በግራ እጃቸው ምርኩዝ ይይዛሉ። ስለዚህ የቤታቸውን ቁልፍ የሚያዞረው ቀኝ እጃቸው መሆን ነበረበት። እሱ ግን ጭናቸው ላይ ተኝቶ ይውላል። በተለይ አውራ ጣቱ ጨርሶ አልታዘዝ አለ።

ጉዳያቸውን የያዘችው የመንግሥት ገምጋሚ ማእከሉ ድረስ መጥታ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረቻቸው። «ፋሲካ ሲደርስ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። በርዎን ራስዎ ከፍተው ራስዎ መቆለፍ ካልቻሉ ብቻዎን መኖር አይችሉም፤ ቤት አቮት ይገባሉ።» ቤት አቮት የአረጋውያን ማደሪያ ነው። ተረጎምሁላቸው። አባ ታፈረ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ከዚያ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው ብለሽ ንገሪያት» አሉኝ። ለስለስ አድርጌ ነገርኋት።

ዳና ሥራ ጀመረች። ሊጥ የመሰለ ነገር ሰጥታ፣ «በቀኝዎ ያሹት» አለች።

«ዳቦ ልጋግር ነው?» አሉ አባ ታፈረ።

የልብስ መቆንጠጫ ሰጠቻቸው። «ልብስ ላሰጣ?» አሉ። የላስቲክ ኳስ ሰጠቻቸው። እሱንስ በግራ እጃቸው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለጎረቤት ልጅ ነው አሉ። ዳና በእኔ በኩል ለመነች፣ እኔም በራሴ በኩል ለመንሁ። ምንም።

በዚያው ሰሞን ሞሪስ የእናቱን ዕቃ ቤት ሲያጸዳ በልጅነቱ ይጫወትበት የነበረውን ኮምፒውተር አገኘ። መጣሉ አሳዝኖት ወደ ማእከሉ ይዞት መጣ። የዛሬ ልጅ ቢያየው ኮምፒውተር አይለውም። ፊደል የሚመታበት ሰሌዳው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚሰካውም ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ጨዋታው በቴፕ ካሴት የተቀዳ ሲሆን፣ ካሴቱ እየተንጫጫ እስኪገባ ድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል።

ከዚያ ጥቁር ሰማይና ከዋክብት ይመጣሉ። ከላይ የጠላት መንኮራኩሮች በረድፍ እየተወዛወዙ ይወርዳሉ። ከታች አንዲት ትንሽ መንኮራኩር አለች፤ እሷ አንተ ነህ። ግራና ቀኝ እየሄድህ ትተኩሳለህ። እኔ ኮምፒውተር የሚፈራ የቢሮ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ከሞሪስ ጋር እየተቀማማን ስንጫወት የምሳ እረፍታችን አለቀ። እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዳና ጩኸታችንን ሰምታ ገባች። መቈጣጠሪያውን አነሣች። ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ መጫኛ አለው። ዘንጉን ጨብጠህ ቀዩን በአውራ ጣትህ ትጫናለህ። ዳና ተጫነችው፣ እንደገናም ተጫነችው። «ጠንካራ ነው» አለች። «የአሁኖቹ ለስላሳ ናቸው፤ ይህ ግን አውራ ጣት ያሠራል። ነገ አባ ታፈረን አምጪልኝ።»

አባ ታፈረ መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌ ሰው የልጅ መጫወቻ አይዝም አሉ። ኋላ ግን ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ።

«ቆይ ቆይ! እነዚህ የሚወርዱት ምንድን ናቸው?»

«ጠላት ናቸው አባ። ታች ሳይደርሱ መምታት ነው።»

«ይህማ ማሽላ መጠበቅ ነው!» አሉ። «ዝንጀሮ ከገደል ስትወርድ ልክ እንዲህ ነው፤ በረድፍ። እኔ ማማ ላይ በወንጭፍ ስንቱን መልሻለሁ!»

«እንግዲያውስ ይያዙት።»

«አስቀድሞ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ብለው ወንበር አስቀየሩኝ። ከዚያ ዘንጉን ጨበጡት። በግራቸው።

ምርኩዙን አስቀምጠው በግራቸው ሲጫወቱ ጉድ ነበር። አንድም አያልፋቸውም። ሞሪስ «ኮል ሃካቮድ፣ ሳባ!»፣ ጎበዝ አያቴ ማለቱ ነው፣ እያለ ያጨበጭባል፣ አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭባል። ያላጨበጨብነው እኔና ዳና ብቻ ነበርን። ቀኝ እጃቸው እንደተኛ ነው።

«አባ፣ በቀኝዎ ቢይዙት?» አልኋቸው።

«አንቺ ስለ ዝንጀሮ ምን ታውቂያለሽ?»

«ወንጭፉንስ በግራዎ ነበር የሚወነጭፉት?»

«ዝንጀሮዋ በየትኛው ነው ብላ አልጠየቀችኝም» አሉና ተኩሳቸውን ቀጠሉ።

ፋሲካ እየቀረበ ሄደ። አባ ታፈረ በየቀኑ ያሸንፋሉ፤ እኔ በየቀኑ እጨነቃለሁ። በመጨረሻ ሆዴ ያለውን ለእማማ ስንዱ ነገርኋቸው። እማማ ስንዱ የአባ ታፈረ የአገር ቤት ጎረቤት ናቸው፤ አብረው ነው ያደጉት። የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ፣ እየተራገሙ የሚጫወቱ ዋና ተጋጣሚያቸውም እሳቸው ነበሩ። ሰሙኝና፣ «ተይው ለእኔ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ፣ ካሴቱ ተንጫጭቶ፣ አባ ታፈረ ዘንጉን በግራ እጃቸው ሲያነሡ እማማ ስንዱ ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

«ምነው?» አሉ አባ ታፈረ።

«በግራው ከሚገጥመኝ ሰው ጋር አልጫወትም።»

«ምን ሆነሻል?»

«በግራ ሰላም ይባላል? በግራ ዕቃ ይሰጣል? ሴት ናት ብለህ ንቀኸኝ ነው፣ ታፈረ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» አሉ። አባ ታፈረ ላብ ላብ አላቸው። ስንት ሰው ያስታረቁ ሽማግሌ በንቀት ተከሰው አያውቁም።

«ንቄ አይደለም፣ ስንዱ። እጄ ታሞብኝ…»

«ቢታመምም ቀኝ ቀኝ ነው።»

አባ ታፈረ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ተሸክመው አነሡና ዘንጉ ላይ አስቀመጡት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፏቸው። እኔ ልረዳቸው ስል ዳና ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሽንፈት ሰሞን ነው። መንኮራኩራቸው አንድ ሳትተኩስ ትቃጠላለች። እማማ ስንዱ ምሕረት አያውቁም፤ «ኧረ ዝንጀሮዎቹ ማሽላህን ጨረሱት!» ይሏቸዋል። እኔ ላጽናና ብዬ፣ «አይዞዎ አባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልሁ።

«እንቁላሉ እስኪሄድ ማሽላው አለቀ!» ብለው ጮኹብኝ። ሆኖም ዘንጉን አልለቀቁም። እልህ ይዟቸዋል። ጠዋት ከሚኒባሱ ሲወርዱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዱ ጀመር።

አንድ ረቡዕ ቀዩ መጫኛ ጠቅ አለ። አንዲት የጠላት መንኮራኩር ጠፋች። አባ ታፈረ ዞር ብለው አዩን።

«ማን ነው የተኮሰው?»

«እርስዎ ነዎት አባ!» አልሁና እልልታውን አቀለጥሁት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሞሪስ ሠርግ የመጣ መስሎት እየሮጠ ገባ። እማማ ስንዱ ብቻ የሱፍ ፍሬያቸውን እየቆረጠሙ፣ «አንዷን ነው እኮ» አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ዳና ጊዜ አላጠፋችም። ሞሪስ የአሮጌ በር ቁልፍ ከነመክፈቻው ሳንቃ ላይ መታላት። ደንብም ወጣ፤ በጨዋታው የተሸነፈ ሰው ሳንቃው ላይ ያለውን ቁልፍ በቀኝ እጁ ይቆልፋል፣ ይከፍታል። አባ ታፈረ ገና ብዙ ይሸነፉ ስለነበር ብዙ ቆለፉ፣ ብዙ ከፈቱ።

የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ገምጋሚዋ መጣች። እኔና ዳና አባ ታፈረን ይዘን ጊቫት ሃሞሬ ወጣን። ከበራቸው ፊት ቆሙ፤ ግራቸው ምርኩዝ ላይ፣ ቀኛቸው ቁልፉን ይዟል። የመጀመሪያው ሙከራ ሳተ፤ ቁልፉ ብረቱን ፋቀው። ገምጋሚዋ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሁለተኛው ገባ። አውራ ጣታቸው ነጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ገፋ። ቁልፉ ዞረ።

አባ ታፈረ በሩን ከፍተው ገቡ። ከዚያም በፊታችን ዘጉት። ከውስጥ ሲቆልፉ ሰማን። ከፈቱ። ቆለፉ። ደግመው ከፈቱ፣ ደግመው ቆለፉ።

«በሴደር፣ እሺ፣ ሳባ! አይቻለሁ፣ ይበቃል!» አለች ገምጋሚዋ እየሳቀች። ተረጎምሁላቸው።

«ቆዪ በያት፤ ገና አልጠገብሁም!» አሉ ከውስጥ። እኛም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው።

ሥራዬ ያስተማረኝን ለአዲስ ሠራተኞች በአጭሩ እነግራቸዋለሁ። ሰው ለመልመጃ ብሎ እጁን አያነሣም። ለክብሩና ለቤቱ ግን ያነሣል።