የመስመር ጠጋኙ አክሲዮን

አክሲዮን ሻጩ ሰውየውን የሚያውቀው በቢጫ ጃኬቱ ነው፤ የተቀደደው ክርኑ በጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል። የኢንተርኔት መስመር ጠጋኝ ነው። ደመወዝ በወጣ ቁጥር እየመጣ፣ በብርሃን መረጃ የምታስተላልፍ ቺፕ ከሚሠራ፣ ማንም ዞር ብሎ ካላየው ትንሽ ድርጅት አክሲዮን ይገዛል። ዋጋው ወጣ ወረደ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ትልልቆቹ እያሉ ምነው እዚህች ላይ ሙጭጭ አሉ?» አለው ሻጩ።

«የትልልቆቹ ዕቃ ተበላሸ እየተባልኩ ስንት ምሰሶ ወጥቻለሁ። ይህቺ ቺፕ ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላስጠራችኝም። ይህን ገበያው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።»

አዲሱ የአክሲዮን መግዣ ቅጽ የወራሽ ስምና ስልክ ይጠይቃል። ሰውየው የሴት ልጁን ስም አሳምሮ ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስልኳስ?»

«እሱን አልሰጠችኝም» አለ፣ ቆቡን እያጠለቀ።