«ያለ ምንም ምክንያት» የምትለው መስመር

ጋሽ በያጁ ፊደል አልቆጠረም፤ ግን በሰፈሩ እሱ ያልሠራው በር ካለ፣ ያ በር ወይ የእንጨት ነው ወይ ደግሞ በዝናብ ጊዜ የማይዘጋ ነው። ይሄን የሚለው ራሱ ነው። ሌላ የሚልለት ባይገኝም ግድ የለውም፤ ስለ ራሱ ለመናገር ተራ ጠብቆ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ይኸው ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ይሰካል፤ እኩዮቹ እኮ የገዛ ጫማቸውን በዳበሳ ነው የሚፈልጉት!

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የመሮጫ መሰናክሎች የሠራውም እሱ ነው። መጀመሪያ ሲያዙት በደንብ ያስረዳው ሰው የለም። «ልጆች የሚዘሉት ነገር» አሉት፣ በቃ። እሱ ደግሞ ብረት ሲሠራ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ነው። አሥራ ሁለቱንም በወፍራም የቱቦላሬ ብረት እንደ ግቢ በር አጠንክሮ በየዳቸውና ወሰደላቸው። «በሬ ቢጋጨው ንቅንቅ አይልም!» ብሎ አንዱ ላይ ወጥቶ ዘለለበት። የስፖርት መምህሩ ራሱን ያዘ። «አባባ፣ መውደቅ አለበት እኮ! ሲነካ ካልወደቀ የልጅ ቅልጥም ይሰብራል!»

የሚወድቅ ነገር ሥራ ተብሎ ሲታዘዝ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ቀን አኮረፈ። ከዚያ አሥራ ሁለቱንም ቆርጦ እንደገና በየዳቸው። አሁን በትንሽ ጣት ሲነኳቸው ዘፍ ይላሉ። «እንደኔ አሳምሮ የሚወድቅ ብረት የሚሠራ ካለ አምጡልኝ» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ የሰሞኑ ወሬው ስለ ብረቱ አልነበረም። በዚያ ብረት ላይ እየበረረች ስለምታልፈው ስለ ልጅ ልጁ ነው። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ረጅም፣ አንገቷ ቀጭን፣ ሰፈሩ ፌንጣ ይላታል። ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ አንደኛ የወጣች ክለብ ትገባለች። ጋሽ በያጁ የሜዳሊያውን ሚስማር ማክሰኞ ለት የብየዳ ሱቁ ግድግዳ ላይ መትቶ ጨርሷል። መንገደኛ እየጠራ ሚስማር ያሳያል።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤ መጣ፤ ወላጅ ይቅረብ የሚል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ለት ፌንጣ የትምህርት ቤቱን ቱታ ለብሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ተራ አስከባሪው፣ ያ ትከሻው በር የሚያህለው፣ አንዲት እርጉዝ ሴትን «ሰልፍ አበላሸሽ» ብሎ በክንዷ ጎትቶ አወጣት። ፌንጣ በሁለት እጇ ገፈተረችው። ሰውየው በጀርባው ቦይ ውስጥ ገባ። ቦዩ ደግሞ ደረቅ አልነበረም። አንዱ ሥራ ፈት በስልኩ ቀረጸ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ጀርባዋ ላይ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ይነበባል።

ጋሽ በያጁ ኮቱን ለብሶ ሄደ። መንገድ ላይ ነገሩን ጨርሶታል፤ ምንም ይበሉ ምን ይፈረማል፣ ቅዳሜ ትሮጣለች፣ አለቀ።

ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። የስፖርት መምህሩ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፌንጣ እጇን አጣምራ በሩን ተደግፋለች። ጋሽ በያጁ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ አነከሰ። «ይሄን ማን በየደው?» አለ።

«አባት» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ «የስፖርተኞች የሥነ ምግባር ደንብ አለን። ስፖርተኛ በግቢም ሆነ ከግቢ ውጭ ከተጣላ ሦስት ሳምንት ከቡድኑ ይታገዳል።»

«ከግቢ ውጭም?»

«ከግቢ ውጭም።»

«እኛ መንደር ድረስ ይመጣል ማለት ነው፣ ደንባችሁ?»

«ይመጣል።»

«እንኳን ደህና መጣ። ሲመጣ የፈረሰውን ድልድያችንን አይቶ ይለፍ።»

የስፖርት መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ወረቀት አወጣ። «ጥፋቷን አምና ከፈረመች፣ እርስዎም ከፈረሙ፣ ኮሚቴው በማስጠንቀቂያ ያልፋታል። ቅዳሜ ትሮጣለች።»

«አባባ፣ አንዲት ፊርማ ናት» አለ የስፖርት መምህሩ። «ያለሷ ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ነው የምንገባው።»

«አምጣው!» ጋሽ በያጁ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ። ጣቱ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው፣

«አባባ፣ መጀመሪያ ይነበብልህ» አለች ፌንጣ።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «አንድ ሰላማዊ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ገፍትሬ በመጣሌ...»

«ቆይ። ያለ ምን?»

«ያለ ምንም ምክንያት።»

ጋሽ በያጁ ወደ በሩ ዞረ። «ያለ ምክንያት ነው እንዴ አንቺ?»

«ሲጎትታት ሆዷን ይዛ ጮኸች፣ አባባ። ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ ሃያውም አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።» ያጣመረችውን እጇን ፈታች። «ተጣልቻለሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ይቅጡኝ። ውሸት ግን አልፈርምም።»

ያኔ ቅዳሜ ትዝ አለችው። ያ ሁሉ ጉራ፣ ያ ሁሉ ሚስማር ያየ መንገደኛ! ከሱ በላይ ደግሞ የልጅቷ ነገር፤ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ የተነሳችበት። ጣቱን ወደ ወረቀቱ ሰደደ፣ መለሰ፣ ደግሞ ሰደደ።

«ያቺን መስመር ቁረጧትና እንፈርማለን» አለ በመጨረሻ።

«ሰባት የኮሚቴ አባላት ፈርመውበታል፣ አባት።»

«እኔ አሥራ ሁለት መሰናክል በሬ የማይነቀንቀው አድርጌ አመጣሁላችሁ። ልጅ ይሰብራል ስትሉኝ ሳላኮርፍ ቆርጬ እንደገና ሠራሁ!»

«ሦስት ቀን አኩርፈዋል» አለ የስፖርት መምህሩ።

«ዝም በል አንተ! ቆርጫለሁ አልቆረጥኩም? ብረት ነው እኮ! እናንተ ወረቀት መቁረጥ አቃታችሁ?»

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ምክንያት ነበራት ብለን ከጻፍን፣ ነገ የተጣላ ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል።»

«ይምጣ! መስማት አይደለም እንዴ ሥራችሁ?»

ፌንጣ ከበሩ ተነቅላ መጣች። ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ሳበች፤ ጎንበስ ብላ ጻፈችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ተራ አስከባሪውን ገፍትሬዋለሁ። እርጉዝ ሴት በክንዷ ሲጎትት አይቼ ነው። ደግሞ ባየው ደግሜ እገፈትረዋለሁ። ሦስት ሳምንቱን እቀበላለሁ።»

«‹ደግሜ› የምትለዋን እንኳን ተያት፣ የኔ እናት!» አለ የስፖርት መምህሩ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

«እሷማ ዋናዋ ናት» አለች።

የጋሽ በያጁ ጣት ላይ ቀለሙ ደርቋል። እንደገና ነከረና ከስሟ ሥር አሳረፈው፤ ማሳረፍ ብቻ አይደለም፣ ጠረጴዛው እስኪጮህ ተጫነው።

ሦስት ሳምንት ታገደች፤ ቱታውንም አስመለሷት።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ድምጽ ማጉያ ሱቁ ድረስ ይሰማል። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላይ ትቶ በሩ ላይ ወጣ።

«ጋሼ! ዛሬ ሜዳ አይደሉም እንዴ? ክለብ ገባች ሲሉን ከርመው!»

«ስማ አንተ» አለ ጋሽ በያጁ መዶሻውን አስቀምጦ። «ዛሬ እዚያ ስምንት ልጅ ይሮጣል፤ አንዷ አንደኛ ትወጣለች። ከርሞም አንዷ ትወጣለች። ሩጫውን ከነክለቡ እያሳዩዋት አልፈርምም ያለች ስንት ታውቃለህ? ጥራልኝ!» ትንፋሹን ሳበ። «ደግሞ እሁድ ለት አንተስ ሰልፉ ላይ አልነበርክም? ጫማህ እንዴት ነበር? ደህና ተጠርጎ ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንዴ ቀጭ አደረገና ወደ ደንበኛው ገባ።

ማጉያው የሴቶችን መሰናክል ጠራ። ፌንጣ ከጓዳ ወጣች፤ ያረጀ ሸሚዝ ለብሳለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማች። ስም ተጠራ፤ የሷ የለበትም። ዓይኗ ሞላ። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተንበርክካ የጫማዋን ክር ማጥበቅ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ልሮጥ።»

«ታግደሽ የለም እንዴ?»

«ከቡድኑ ነው እንጂ ከመንገድ አልታገድኩም።»

ጋሽ በያጁ ዘሎ ተነሳ። የብየዳ ጓንቱን እንዳጠለቀ መንገዱን ሊያስለቅቅላት መሃል ወጣና የሚመጣውን ታክሲ በሁለት እጁ አስቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ለቀቀበት።

«ጩህ!» አለው። «እሷ ሳታልፍ አታልፍም!»