ለመብራቱ ሲባል የተነሡ ቀፎዎች

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ወር፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአዘዞ ሰፈራችን ሰዎች ከአዲሱ የብስክሌት መንገድ ዳር፣ ከጥዶቹ ሥር ተሰብስበን ነበር። ከከተማው የመጣው ባለሙያ በመንገዱ ላይ የማታ መብራት ይተከል ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀን። ዋናው አስፋልት መብራት አለው፤ የብስክሌቱ መንገድ ግን ዛፎቹ ስለሚጋርዱት ይጨልማል።

የምሠራው መሀል ከተማ፣ መድኃኒት ቤት ነው። በብስክሌት ተመልሼ ሰፈር ስደርስ ምሽት አንድ ሰዓት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት እዚያው ጨለማ ውስጥ ብስክሌቱ ድንጋይ ላይ ወጥቶብኝ ወድቄ ነበርና እጄ ገና በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቴ መብራት ካልገባ ብስክሌቱን እንድተወው ቁርጡን ነግራኛለች። ይህን ለመናገር ሦስት ጊዜ እጄን ላነሣ አልኩና ሦስቱንም ጊዜ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

መብራቱን የተቃወሙት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ግቢያቸው ከመንገዱ ጋር ይዋሰናል፤ አጥሩ ላይ ሁለት የንብ ቀፎ አላቸው። የደብሩ ጧፍ የሚሠራው ከእነዚህ ንቦች ሰም ነው። ቀፎ አጠገብ መብራት ካለ ንቦቹ በሌሊት እየወጡ አምፖሉን ሲዞሩ አድረው ያልቃሉ አሉ። አንድ ጎረቤት ለዝንብ ታላቅ ወንድም ሲባል ሰው በጨለማ ይሂድ ወይ ብሎ አሾፈ። አያ አልተቆጡም፤ ጧፉን ስታበራም እንደዚሁ በላት አሉትና ሰው ሳቀበት።

በዚህ መሀል እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ቀፎዎቹ ወደ ጓሮ ቢዞሩ ሁለቱም ነገር ይሳካል አልኩ። ትልቅ መፍትሔ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ የተሳቀው በእኔ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ንብ አዲሱን አድራሻ ጽፋ የምትይዝ መሰለሽ?» አሉ አያ። «ሃያ እርምጃ ባርቀው፣ ሜዳ ውላ ስትመለስ የምታርፈው የድሮው አጥር ላይ ነው። ቀፎ ከተነሣ ሩቅ አገር ነው የሚሄደው።» ከዚያ እጄን አዩት። «ይኼስ ምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው አያ። ጥላው ጋ፣ ከሥራ ስመለስ።»

«ብቻሽን ነው የምትመጪው?»

«በየቀኑ።»

ወደ ቀፎዎቹ ዞሩ። ባለሙያው ሊናገር ሲል ቀደሙት።

«በሉ ይግባ። ንቦቹን ደጋው ላይ ኮሶዬ፣ እኅቴ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ አበባው ገና አለ።»

ሰዉ በዚህ ተስማምቶ ተበተነ። እኔ ግን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር የምቸኩልበት አልነበረም፤ አጥሩ አጠገብ ቆሜ አያን ሳያቸው አመሸሁ። እሺ ካሉ በኋላም አልተቻኮሉም። የመጨረሻዎቹ ንቦች እስኪገቡ ድረስ ተቀምጠው ጠበቁ። የቀፎዎቹን አፍ አየር በሚያሳልፍ ሳሳ ያለ ጨርቅ አሰሩ፤ ጆሮአቸውን ለጥፈው አዳመጡና አንዱን ፈትተው እንደገና አላልተው አሰሩት። ሰሙን በየጊዜው ኮሶዬ እየተመላለሱ ሊያመጡ፣ የደብሩን ጧፍ እንዳያቋርጡ አስበዋል። እኔ በሥራዬ ጠንቃቃ ነኝ እባላለሁ፤ የዚያን ምሽት ግን ጥንቃቄን ገና እየተማርኩ እንደሆነ ተሰማኝ።

ባጃጅ እንደሚያንገጫግጭና የማሩን እንጀራ እንደሚሰባብረው ነግረውኝ ነበር። ሁለቱንም ቀፎ የኮሶዬው መኪና እስከሚቆምበት ድረስ ተራ በተራ በትከሻቸው ሊያመላልሱ ነበር ሐሳባቸው።

በማግስቱ ማለዳ ብስክሌቴን እየገፋሁ በራቸው ላይ ደረስኩ። ከኋላው መጫኛ ላይ የአልጋዬን ስፖንጅ ቆርጬ አንጥፌበታለሁ። አንዱን ቀፎ እዚያ ላይ አሰርንና ሌላውን እሳቸው ተሸከሙ። የንቦቹ ድምፅ በመሪው በኩል እስከ መዳፌ ይሰማኝ ነበር። መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ብስክሌቱ ላይ አልወጣሁም፤ ከአያ ጎን ጎን፣ ድንጋዩን እየሸሸሁ፣ ቀስ እያልኩ ገፋሁት።