ከነሥሩ

በሕይወት እያለ አንቱ ስለው ኖርኩ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። የእናቴ ወንድም ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ የተከበረ መሪጌታ፣ መድኃኒት አዋቂ የተባለ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ደሴ ያያት ሐኪም ነቀርሳ ነው፣ ቶሎ ይቆረጥ አለ። አጎቴ «ብረት ከነካው ይቆጣል» ብሎ ከለከለ። መድኃኒቱን የምቆፍርለት እኔ ነበርኩ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ብሎ አስምሎኛል። ሥሩን ወቅጦ በቁልቋል ወተት ለወሰና ጡቷ ላይ ለጠፈው። እሷ ጨርቅ ነክሳ ታለቅሳለች፤ እሱ ይደግማል።

በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠቁሮ ተቀርፎ ወደቀ። አጎቴ በጨርቅ ጠቅልሎት ቅዳሜ ገበያ ወጣ። «ከነሥሩ ነቀልኩት!» እያለ ለሰው ሁሉ አሳየ።

ክረምቱ ሳይወጣ በብብቷ ሥር ተመለሰ። ደሴ እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

«የመሪጌታን ስም ላጠፋ? ተይኝ» አለችኝ።

ከጥምቀት በፊት ቀበርናት። እሱ ቀብሯ ላይ ቆሞ «እምነት ጎድሏት ነው» አለ። ይህን አልረሳሁለትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ መድኃኒት አዋቂዎችን ቀበሌው ግቢ ሰበሰበች። አጎቴም ተጠርቶ ነበር፤ እኔም ሄድኩ።

«እብጠቱ ውስጥ እንደ ዘር የሚቀመጡ ጥቂት ሕዋሳት አሉ» አለች። «እብጠቱ ቢከስምም እነሱ ከተረፉ መልሶ ያቆጠቁጣል። እነሱን የሚገድል ንጥረ ነገር ከዕፅዋት ይገኝ እንደሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየፈለግን ነው። ሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም።»

እህቴ ለምን እንደሞተች የሚነግረኝ ሰው ያን ቀን አገኘሁ።

አጎቴ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። «እኔ ከነሥሩ ነቅያለሁ። ኋላ የገደላት ሌላ ነው። ይህችው እህቷ ምስክር ናት።»

«እውነት ነው መሪጌታ» አልኩ። «ነቅለውልናል። እሷን፣ ከነሥሯ።»

ተመራማሪዋ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ «መድኃኒቱ ማን ይባላል፣ አባት?»

«ስሙ አይጠራም።»

«ግዛዋ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከሽንት ቤታችን ጀርባ የሚበቅለው፣ ለቡዳ የምናጨሰው ግዛዋ!»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። «ግዛዋ ነው እንዴ? እንዲህ ከሆነማ እኔም መሪጌታ ነኛ!»

ሰው ሁሉ ተንከተከተ። አጎቴ ሊወጣ መቋሚያውን በእጁ ፈለገ፤ ዓይኑ ደክሞ ነበር። መቋሚያው እግሬ ሥር ወድቋል። አላቀበልኩትም። ግድግዳ እየዳሰሰ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደጁን የረገጠ በሽተኛ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ለተመራማሪዋ ግዛዋ ቆፈርኩላት። ይጥቀም አይጥቀም አልጠየቅኳትም። ቆፍሬ እስክጨርስ ግን ስለ እህቴ አወራሁላት፤ አንዴም ዝም አላልኩም።